ንፋስ እንዳይመታሽ

የታሸ ዳማከሴ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይኮማተራል። እናቴ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር በነበረው ፎቅ ቤታችን በረንዳ ላይ በጣሳ ታበቅለው ነበርና፣ አንዴ ካነጠስኩ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን አፍንጫዬ ውስጥ ጨምቃ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ በብርድ ልብስ ትጠቀልለኝ ነበር።

ናይሮቢ ደመና ለብሳ በምትቀዘቅዝበት በሐምሌ ይህ ብዙም አይከፋም ነበር። እሷ ግን አስፋልቱ በሚግልበት በጥርም ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ በተሳፋሪው ላይ ተንጠራርታ መስኮት ትዘጋ ነበር። «ማማ፣ ፉንጉዋ ዲሪሻ» እያሉ፣ ክፈቺው ብለው ሲያጉረመርሙባት፣ ገበያ ላይ በስዋሂሊ የምትከራከረው ሴትዮ ድንገት ቋንቋው ይጠፋባት ነበር። እኔ መቀመጫው ሥር ብገባ እመርጥ ነበር።

በጥር አፍንጫዬን የሚያፈሰው በሰፈራችን የሚያልፉት የጭነት መኪኖች አቧራ ነበር። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ አለርጂ ነው ቢላት፣ «በእኛ ዘር አለርጂ የሚባል የለም፤ ንፋስ ነው የመታት» ብላ ይዛኝ ወጣች።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሐሙስ ሐሙስ ዋና እንማር ነበር፤ በተርሙ መጨረሻ ገንዳውን በዋና የተሻገረ ብቻ ሞምባሳ ይሄዳል ተባለ። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን አፍንጫዬ ይፈሳል፣ እናቴም የዋና ልብሴን ከቦርሳዬ መልሳ ታወጣው ነበር።

«ማሚ፣ ስዊሚንግ ካልቻልኩ ትሪፑ ላይ አልሄድም እኮ፣ ቲቸር ብላለች» ብዬ ለመንኳት።

«ሞምባሳ የትም አይሄድም። ሳንባሽ ግን አንድ ነው» አለችኝ።

ሳንባ ሁለት መሆኑን የተማርኩት በዚያው ሳምንት ስለነበር ይበልጥ በገንኩ። አባቴ «ተያት እንጂ» ቢላት፣ «ስትታመም አንተ ኤርፖርት ካርጎ ሥራህ ላይ ነህ፤ የማስታምማት እኔ ነኝ» አለችው። ጓደኞቼ እየዘፈኑ ወደ ሞምባሳ ሲሄዱ እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሥዕል ቀለም ስቀባ ዋልኩ። የሚያናድደው፣ የዚያን ቀን አንዴም አላነጠስኩም።

ዛሬ እኔም እናት ሆኜ፣ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው በቫይረስ እንደሚተላለፍ እንጂ በመስኮት እንደማይገባ ስነግራት፣ «ታዲያ አንቺን በምን አሳደግኩሽ?» ትለኛለች። ልጄን ግን አፍንጫዋ ትንሽ ቢፈስም ቅዳሜ ቅዳሜ ገንዳ እወስዳታለሁ። ከውሃው መሀል ሆና «ማሚ፣ ኩጃ፣ ነይ እንዋኝ!» እያለች በእጇ ስትጠራኝ፣ እግሬን ብቻ ነክሬ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። የዚያን ጊዜው ጉንፋን ሁሉ በሳምንቱ ለቆኛል፤ ዋና ግን ዛሬም አልችልም።