የመከታ ጆሮና የታሰረው ተማሪ

በዚያ ቀን ከግቢያችን የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ ጎረቤታችን አያ ደምሌ፣ ከቤተ ልሔም ድጓ ቤት ለልመና የመጣው የቆሎ ተማሪ ፈንታሁን፣ ውሻችን መከታና እኔ ነን። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ በኋላም ብዙ አልተማርኩም፤ ቃል ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

ከጥቂት ቀናት በፊት መከታ ፈንታሁንን ባቱ ላይ ነክሶት ነበር። የቆሎ ተማሪና ውሻ እንደማይዋደዱ በእኛ አገር ያልሰማ የለምና ማንም ነገሬ አላለውም። በኋላ ግን መከታ ጭንቅላቱን ያራግፍ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘም፣ እያላዘነ ጆሮውን ይቧጥጥ ጀመር። ሲጠጉት እንደ ሻገተ ሊጥ ይሸት ነበር። እህል የሚበላው ከእጄ ብቻ ሆነ።

አያ ደምሌ አየውና ከአጥሩ ማዶ ዱላውን ይዞ መጣ። "አብዷል! ራሱን ሲወዘውዝ አታዩም? ልጁንም እሰሩት፤ ነገ እንደ ውሻ ሊጮኽ ነው።"

"አያ ደምሌ፣ እኔማ ድሮም በየደጁ ስጮኽ ነው የምኖር" አለ ፈንታሁን። ማንም አልሳቀም። ገመዱን ያቀበለችው እናቴ ናት፣ እያለቀሰች። እጁን የፊጥኝ አስረው ጥጃ ቤት አስገቡት። እኔም የተነከሰ ሰው በትንፋሹ ያሳብዳል ስለተባልኩ ውኃውን በቅል አድርጌ በእንጨት ገፋሁለት።

አባቴ ምሳሩን አነሳ። መከታ ጥሪ መስሎት ጭራውን እየቆላ ወደ እሱ ሄደ። እዚያው እንደቆምኩ ሸናሁ።

ፈንታሁን በጥጃ ቤቱ ግድግዳ ቀዳዳ ሲያይ ቆይቶ ጮኸ። "አባባ! ያበደ ውሻ አንድ ጆሮውን ለይቶ ያካል? ከመግደልዎ በፊት ጆሮውን ይዩት!"

"አንተ ዳዊትህን ድገም!" አለው አባቴ። ግን ምሳሩን አስቀመጠ። የመከታን አፍ በጠፍር ጠፈረና ጆሮውን ገለበጠው። ውስጡ የደረቀ የቡና አተላ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በጣቱ ነካ ሲያደርገው መከታ የኋላ እግሩን አርገበገበ።

"በስመ አብ! ጆሮውን ነው እንዴ የታመመው?"

"እኔስ ለጥንቃቄ ብዬ ነው" አለ አያ ደምሌና ዱላውን ይዞ ወጣ።

እናቴ የኑግ ዘይት ለብ አድርጋ ጆሮው ውስጥ ጠብ አደረገች፤ በአሮጌ ነጠላ ጨርቅም ጠረገችው። አባቴ ተማሪውን ሲፈታው ዓይኑን ማየት አልቻለም። እናቴ ትኩስ ዳቦ ቆርሳ "ስጪው" አለችኝ። ፈንታሁን ገመድ የበላውን እጁን ዘረጋ። እኔ ግን ፈራሁትና ዳቦውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አፈሩን አራገፈና "እደጊ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ደጃችን አልመጣም። መከታ ድኖ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ሌሎቹን ተማሪዎች ሲያባርር እያየሁ አድጌአለሁ።

ዛሬ ልጆች አሉኝ፤ የምኖረውም ንፋስ መውጫ ከተማ ነው። በቀደም የልጄ ቡችላ ራሱን ሲያራግፍ አየሁና በባጃጅ ይዘነው ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ጆሮውን በትንሽ መብራት አየና በዓይን የማይለዩ ተባዮች ናቸው አለ፤ መድኃኒቱን ሰጥቶ እንጨት እንዳንከትበት አስጠነቀቀን። ነገሩ በዚያች ቅጽበት አለቀ። እኔ ዛሬ ውሻ ልጅ ቢነክስ ቁስሉን በሳሙና አጥቤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምሮጠው፤ ያኔ ግን የፈንታሁንን እግር ያጠበለት አልነበረም፤ ያገኘው ገመድ ነው። ልጄ "እማዬ፣ ድሮ ምን ታደርጉ ነበር?" ስትለኝ "ዘይት እናፈስ ነበር" አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

ፈንታሁን በወገዳ በኩል ከስማዳ ለትምህርት የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ልጅ ነበር። ዛሬ ቄስ ይሁን መሪጌታ አላውቅም። ያለበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆኑን ንገሩኝ።