ብሬን ፎቶ ያነሳሁበት ቅዳሜ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ዓመታት አልፈዋል። ግን እስከ ዛሬ ስልኬ ከማላውቀው ቁጥር ሲጠራ ከማንሳቴ በፊት ልጆቼ የት እንዳሉ አስባለሁ። ከፍ ያሉ ልጆችን ተቀብሎ የሚያሳድግ ሰው ካለ ያንብበው ብዬ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስህተት ካለ እናንተ አቃኑት።

የምኖረው ሮም ነው፣ ፖንቴ ማሞሎ አካባቢ። የመጣሁት በቤት ሠራተኝነት ነው። ባለቤቴ ማርኮ ጣሊያናዊ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ። ልጅ እምቢ ሲለን ጊዜ በጉዲፈቻ እናሳድግ ተባባልን። ኢትዮጵያ ለውጭ አገር ሰው ልጅ መስጠት ከማቆሟ በፊት ነው። እኛ ያመለከትነው አንድ ሕፃን ብለን ነበር። ቆይተው ሦስት እህትና ወንድማማቾች አሉ፣ ከፍ ስላሉ የሚወስዳቸው ጠፍቷል፣ መለያየትም አይገባም አሉን። አስቴር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ታምራት ስምንት፣ ብሬ አራት። ማርኮ ፎቷቸውን አየና "ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ትልቅ መኪና እንገዛለን" አለ። በቃ፣ እንዲህ ሆነ።

ሰው ሁሉ "አንቺ ምን አለብሽ፣ ቋንቋቸውን ትችያለሽ" ይለኝ ነበር። እውነት ነው፣ እንነጋገራለን። ብሬ ወዲያው ለመደኝ። ታምራትና ማርኮም በኳስ ተግባቡ። አስቴር ግን እትዬ ነበር የምትለኝ። የሰጠኋትን ትበላለች፣ ያዘዝኳትን ትሠራለች፤ ብሬን ግን ለማንም አታምንም። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱን ሳጥበው እንኳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

አሎራ፣ እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት አሲስቴንቴ ሶሻሌ፣ ማለትም የልጆቹን አያያዝ የምትከታተል የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቤታችን ትመጣ ነበር። ያየችው ነገር ከልጆቹ ፎቶ ጋር ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ እኔ ግን እንደ ሞት ነበር የምፈራት። ያልታጠበ ሳህን ካየች ልጆቹን የምትወስድብኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን "የእያንዳንዳቸውን ጥርት ያለ ፎቶ፣ ለየብቻ አዘጋጂልኝ" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማርኮ የሆነ ቤት ቧንቧ ፈንድቷል ተብሎ ሄዷል። ብሬ ከሰዓት በኋላ ይነጫነጫል፣ ከእሱ ልጀምር ብዬ አጠብኩት፤ ፀጉሩን ቅባት ቀባሁት፤ አዲስ ጃኬትና አዲስ ጫማ አደረግኩለት። ነጩ ግድግዳ ጋ አቁሜ በስልኬ አነሳሁት። የሁለቱን ነገ አነሳለሁ ብዬ በልቤ ይዣለሁ፤ በአፌ ግን አልተናገርኩም። አስቴር እንደ ልማዷ በር ላይ ቆማለች።

"አያምርም?" አልኳት።

ፊቷ ልክ አልነበረም። ሆዷን ያመማት ነበር የመሰለኝ።

ልብስ ላሰጣ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የሚያየው ሰው የለም። መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ በረንዳ፤ የሉም። የአስቴር ደብተሮች አልጋዋ ላይ ተዘርግፈዋል፣ ቦርሳዋ ግን የለም። ጠረጴዛ ላይ የነበረው ዳቦም የለም። ያኔ ነው መጥፋታቸው የገባኝ። ልጅ ለጨዋታ ሲወጣ ዳቦ ጭኖ አይሄድም።

በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩ። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ "ወደ ሜትሮው ባቡር ሲሮጡ አየኋቸው፤ አንቺ ከኋላ ያለሽ መስሎኝ" አለችኝ።

ፖሊስ ልጥራ? ከጠራሁ አሲስቴንቴዋ ትሰማለች፣ ልጆቹን ይወስዱብኛል። ካልጠራሁ ደግሞ በዚያው ጠፍተው ቢቀሩስ? ወደ ማርኮ ደወልኩ።

"አንቺ ፈልጊ፣ እኔ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ" አለኝ።

"አትሂድ! ይወስዱብናል!"

"ሐዲድ ላይ ቢወድቁስ?"

ስልኩን ዘጋሁት።

ቲኬት ሳልቆርጥ ከአንድ ሰውዬ ጀርባ ተለጥፌ ወደ ሜትሮው ገባሁ። ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ አንገቴን አውጥቼ "አስቴር! ብሬ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ሰዉ እንደ እብድ እያየኝ ይሸሻል። ብሬ እጅ አስለቅቆ የመሮጥ ልማድ አለው። የባቡሩ ጎማ በጮኸ ቁጥር የእሱ ድምፅ ይመስለኛል። እመቤቴ ማርያምን ስንቱን ስለት እንደተሳልኩላት እሷ ታውቃለች፤ እኔ ረስቼዋለሁ።

አስቴር የምታውቀው መንገድ ወደ ተርሚኒ፣ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ የሚወስደውን ብቻ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንመጣ የወረድነው እዚያ ነው፤ እሑድ እሑድም ሽሮና በርበሬ የምንገዛው እዚያው አጠገብ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ነው። ተርሚኒ ወርጄ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ባቡር ጋ ሮጥኩ። የሉም። ወጥቼ ሱቆቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። አንደኛው ውስጥ፣ ከባንኮኒው ኋላ፣ የብሬን አዲስ ጃኬት አየሁ።

"ልጆቼ!" ብዬ ዘለልኩ።

አስቴር ወንድሞቿን ወደ ኋላዋ ሰበሰበችና "እናታችን አይደለችም! እንዳትሰጧት!" ብላ ጮኸች።

የሱቁ ባለቤት ኤርትራዊት አሮጊት ናቸው፤ እማማ ለተብርሃን እንደሚባሉ በኋላ ነው ያወቅኩት። መሐል ገቡ።

"ቁሚ እዚያው!"

"እማማ፣ ልጆቼ ናቸው።"

"ልጅ ከእናቱ እንዲህ ይሸሻል? እስቲ ዶኩሜንቶ አምጪ።"

ምን ዶኩሜንቶ፣ ምን ወረቀት አለኝ? ቦርሳ እንኳ አልያዝኩም። ነጠላ ጫማ፣ የቤት ቀሚስ፣ የተንጨባረረ ፀጉር። በርበሬ ሲገዛ የነበረ አንድ ወጣት በሩን ዘግቶ ተደገፈው።

"ልጅ የሚነግዱ አሉ እኮ፣ እማማ። ፖሊስ ልጥራ?"

"ምን ትጠይቀኛለህ! ስልኩን ለሙዚቃ ብቻ ነው እንዴ የያዝከው?"

ወጣቱ ደወለ። ስልኬ ትዝ አለኝና የጠዋቱን የብሬን ፎቶ ከፍቼ "ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት ቤቴ ያነሳሁት ነው፤ ጃኬቱን እዩት" ብዬ ዘረጋሁላቸው። ይህ ያድነኛል ብዬ ነው።

አስቴር ፎቶውን ስታይ ቀድሞ ከጮኸችው የባሰ ጮኸች። "ይኸው! ፎቶው ይኸው! ሊወስዱት ነው!"

እማማ ለተብርሃን ወደ እሷ ዞሩ። ድምፃቸው ተለወጠ። "ማነው የሚወስደው፣ የኔ ልጅ?"

እያለቀሰች ተናገረች። ማሳደጊያው ውስጥ ሳሉ አንድ ልጅ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ ለብቻው ፎቶ ከተነሳ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ነገሩ ይገባቸዋል፤ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። የአስቴር ጓደኛ ታናሽ እህቷን እንዲሁ ሲያለብሷት አየች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእህቷ አልጋ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደች እንኳ የነገራት የለም።

"ለእኔ አዲስ ልብስ የለም" አለች አስቴር። "ለታምራትም የለም። ለእሱ ብቻ ነው።"

እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ብምልስ ማን ያምነኛል? ስልኩን በወለሉ ላይ ወደ እሷ ገፋሁት።

"አንቺው አጥፊው። ብሬን ለማንም አልሰጥም። ነገ አንቺንና ታምራትን ላነሳ ነበር።"

ስልኩን አንስታ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ፎቶውን አጠፋችው። አጥፍታም አልጨረሰች፤ ሌላ ተደብቆ እንዳለ ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገች። ታምራት ከእህቱ ጀርባ አንገቱን አወጣ። "ታዲያ ማንም አይመጣም?" አለ።

"ማንም አይመጣም።"

"እንግዲያ ዳቦውን ልብላው?" አስቴር ለመንገድ ብላ ከልክላው ኖሯል።

እማማ ለተብርሃን እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ እኔ ላይ ዞሩብኝ። "አንቺም አንቺ ነሽ! ሦስት ልጅ አስቀምጠሽ አንዱን ብቻ ታለብሻለሽ? እኔም ብሆን እጠፋ ነበር!"

ፖሊሶቹ ሲመጡ፣ ጣቢያ ሄዶ ሲያመለክት የነበረው ማርኮም ወረቀቶቹን ይዞ አብሯቸው ደረሰ። አንደኛው ፖሊስ ወረቀቱን አየና አጎንብሶ አስቴርን "ይህች ሴት ማናት?" አላት።

"ከእሷ ጋር ነው የምንኖረው" አለች፣ በጣሊያንኛ። ብሬ በዚያን ጊዜ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል።

አሲስቴንቴዋ ሰኞ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ይወስዱብኛል ብዬ የልጆቹን ልብስ አጥቤ አጣጥፌ ጠብቄያት ነበር። እሷ ግን ከአስቴር ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀመጠችና ስትወጣ "ፎቶውን ሦስቱም አንድ ላይ ይነሱ፣ በቤት ልብሳቸው" ብላኝ ሄደች። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ልጆቹን አልወሰዱብኝም። ፍርሃቱ ግን ከእኔ ጋር ቀረ፤ ደግሞ ለሰው የሚነገር አይደለም። አስቴር አሁን ትልቅ ሰው ናት፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። ያንን ቅዳሜ አንስተን አናወራም። ረስታዋለች እል ነበር።

በቀደም ለታ ብሬ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ፍሎረንስ ሄዶ ነበር፣ አዳር የሌለው ጉዞ። አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ ተብሏል። እኔ ቤት መቀመጥ አቃተኝና ለማንም ሳልናገር ቀደም ብዬ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ሄድኩ። አስቴር የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" አልኳት።

"አንቺስ?" አለችኝ።

አጠገቧ ቆምኩ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ሁለታችንም ዓይናችንን ከመንገዱ ላይ አላነሳንም።