ተጠራጣሪው ካህራብጂ አያ መኳንንትና የምርመራ ጋሪያቸው

አያ መኳንንት ዐርፈዋል። በገዳሪፍ፣ በሀዋታ፣ በመፋዛና በመንደር 8 የምታውቋቸው ሁሉ፣ ገና ያልሰማችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ በያጁ ይርጋ ነኝ። ወባ ጥሏቸው ሰነበተ፤ ኋላም ኩላሊታቸው እምቢ አለ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አለምነሽ እጃቸውን እንደያዙ፣ እኔም ከግርጌያቸው እንደቆምሁ ነፍሳቸው ወጣች። በማግሥቱ ከገዳሪፍ ከተማ ዳር ባለው የክርስቲያኖች መቃብር ቀበርናቸው።

አሟሟታቸውን በዝርዝር የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀብር እንደተመለስን ለቅሶ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ። ታስረው በነበረ ጊዜ አንድ ነገር አብልተዋቸው ነው ያሉ ነበሩ። አሳልፎ የሰጣቸውን እናውቃለን ብለው ስም የጠሩም ነበሩ። የገደላቸው ወባ ነው፤ አጠገባቸው ስለነበርሁ እመሰክራለሁ። የቀረውን ጥርጣሬ ግን እኔም እጋራዋለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አያ መኳንንት የመተማ ቆላ ሰው ነበሩ። ወደ ሱዳን የመጡት እንደ ብዙዎቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ነው። አንድ የገዳሪፍ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የእጃቸውን ቅልጥፍና አይቶ ከአጨዳው አስቀራቸውና ሙያውን አስተማራቸው። ሱዳኖቹ እንዲህ ያለውን ሰው ካህራብጂ ይሉታል፤ ሽማግሌው ሲሞት ሥራውም ስሙም ለእርሳቸው ቀረ።

ተጠራጣሪ ሰው ነበሩ። ይህን የምለው ለነቀፌታ አይደለም፤ እንጀራቸው ይኸው ነበር። ብየዳ ሲያስፈልግ እኔን ይዘው ይወጡ ነበርና፣ አንድ ጊዜ ሀዋታ አጠገብ ትራክተር ቆሞ ተጠራን። ሾፌሩ ባትሪው አዲስ ነው ብሎ ማለ። የእርሻው ባለቤት ደግሞ ከእኛ በፊት የመጣ ባለሙያ ዲናሞውን ቀይሮታልና ነገሩ ከዚያ አይደለም አሉ። መመርመሪያው ኮምፒውተር በበኩሉ ሌላ ዕቃ ተበላሽቷል የሚል ጽሑፍ አወጣ። አያ መኳንንት ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው አንዱንም አላመኑም። መለኪያቸውን ይዘው ከባትሪው ተነሥተው ሽቦውን እየተከተሉ ሄዱ፤ በመጨረሻ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰረውን ሽቦ፣ በቀለም ተሸፍኖ ውስጥ ውስጡን ዝጎ አገኙት። አጽድተው መልሰው ሲያስሩት ትራክተሩ ተነሣ። ሾፌሩ አፍሮ ቢያቀረቅር፣ «አልዋሸህም፤ አልለካህም እንጂ» አሉት።

በዚያን ጊዜ ዕቃቸውን የሚይዙት በጆንያ ነበር። ከሀዋታ ስንመለስ የመለኪያው ሽቦ ከባትሪ መሙያው ገመድ ጋር ተተብትቦ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው የብልሽት ማንበቢያ፣ የስካነሩ፣ መስታወት ተጭሮ፣ አቧራው በየቀዳዳው ገብቶ አገኘነው። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ወደ መበየጃዬ መጡና፣ «ይርጋ፣ ከመኪናው ይልቅ የራሴን ዕቃ ስጠግን ዋልሁ። ሥራ ቤቴን በጎማ ላይ አቁምልኝ» አሉኝ።

አሮጌ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ገዙ፤ ኋላ ሁላችንም ጋሪው ያልነው እርሱን ነው። እኔ ከላዩ የብረት ሳጥን በየድሁላቸው። ምን የት ይቀመጥ በሚለው ግን ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። እኔ ባትሪዎቹን ለማውረድ እንዲመች ብዬ ከኋላ አድርጌያቸው ነበር። እርሳቸው ኮረኮንች ላይ ነድተው ሲሞክሩት የፊት ጎማው ዘለለባቸው፤ አስፈቱኝ። ከባዱ ሁሉ ታች፣ ልክ ከኋላ ጎማዎቹ ዘንግ ላይ ዐረፈ። ኮምፒውተሩና ስካነሩ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ዐይን ትይዩ፣ በወፍራም ስፖንጅ ላይ ሆኑ። የመለኪያ ሽቦዎቹ በክዳኑ ውስጥ በየመንጠቆው ተሰቀሉ፤ ቀዩ በአንድ ወገን፣ ጥቁሩ በሌላው። ፊውዞቹ በየመጠናቸው ክዳን ባለው ብልቃጥ ገቡ። የክዳኑን ዙሪያ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ደፈንነው፤ ከዚያ ወዲህ አቧራ አልገባም። ባትሪ መሙያው ከኮምፒውተሩ ርቆ የብቻው ክፍል ተሰጠው፤ ሙቀቱን አላመኑትምና።

ሰው ያስቀየመው ግን ስፖንጁ ነው። በየዕቃው ቅርጽ ቀደዱትና መፍቻውንም መለኪያውንም በየጎድጓዳው አስተኙት። አንድ ዕቃ ከጎደለ ባዶው ቦታ ወዲያው ይታያል። የጋራዦቹ ሰፈር ሰዎች ሌቦች ናችሁ የተባልን መስሎን ቅር አለን። ይህን ብነግራቸው፣ «ባዶው ቦታ ይታይ። አለዚያ መፍቻ በጠፋ ቁጥር የአንዳችሁን ፊት ሳይ ልኖር ነው» አሉኝ።

ጋሪው ሥራ ከጀመረ በኋላ የስደተኞች መጠለያ ወደሆነው መንደር 8 ሳይደርሱ የሚያልፉበት ሳምንት አልነበረም። ስደተኛው በየመጠለያው ስልኩ ሞቶበት ከቤተሰቡ ተቆራርጦ ነበርና፣ ከጋሪው ባትሪ ያለ አንዳች ክፍያ ይሞሉለት ነበር። በየስልኩ ጀርባ የባለቤቱን ስም በፕላስተር ሳይለጥፉ ግን አይቀበሉም። «ደግ ነኝ ብዬ የሰው ስልክ ለሌላ ሰው ብሰጥ ደግነቴ ምን ይረባል» ይሉ ነበር።

ግደይን ያገኙት እዚያ ነው። ግደይ ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው። ያኔ ከጎንደርና ከመተማ የመጣነው ከእነርሱ ጋር ሰላምታ እንኳ የምንለዋወጠው በጥንቃቄ ነበር። እነርሱ እኛን፣ እኛም እነርሱን እንፈራ ነበር፤ ሁላችንም ግን ከየችግራችን ሸሽተን የመጣን ነን። አያ መኳንንት የተቃጠለ የስካነር ገመድ ሰጡትና ሲያያይዘው ከአጠገቡ ሳይነሡ አዩት። በሳምንቱ አብሮን ይሥራ አሉ። እኔ ይህን ሰው አላምነውም አልኋቸው።

«እኔም አላምነውም» አሉኝ። «ብየዳውን ግን ለክቼዋለሁ።»

ኋላ የሱዳን ጦርነት መጣና ገዳሪፍ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረች። ድሮን የሚለው ቃል በየሱቁ ይነገር ጀመር። ባትሪ፣ ኮምፒውተርና የተንጠለጠለ ሽቦ ጭኖ ከእርሻ እርሻ የሚዞር የውጭ አገር ሰው ዐይን ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ከመፋዛ ሲመለሱ ኬላ ላይ ያዟቸው። ለድሮን ምልክት ይሰጣል የሚል ጥቆማ ደርሶናል አሉ። ጋሪውም አብሮ ተወሰደ። በዚያው ቀን ግደይ ከጸጥታ ሰዎቹ ቢሮ፣ መክተብ ከሚሉት፣ ሲወጣ ታየ። እርሳቸው ከመያዛቸው በፊት ይሁን በኋላ፣ ያየው ሰው አላወቀም።

ቀናት አልፈው ተለቀቁ። መርማሪዎቹ ዕቃውን አንድ በአንድ እያስወጡ ምን እንደሚሠራ ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም እያስረዱ እያንዳንዱን ወደ ጎድጓዳው ይመልሱ ነበር። በመጨረሻ አንደኛው ሳቀና፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ሰላይ ይደብቃል፤ ይህ ሰው ግን መፍቻውን እንኳ ቦታ ካላስያዘ እንቅልፍ አይወስደውም አለ። በዚህ እርሳቸውንም ጋሪውንም ለቀቁ።

ሰፈሩ ግን ግደይን አልለቀቀውም። ስልክ የሚያመጣለት ጠፋ። ከዚህ ይውጣልን የሚሉም ተነሡ፤ እኔም ያሰናብቱት ብዬ አያ መኳንንትን ለመንሁ። እርሳቸው በጠራራ ፀሐይ፣ በጋሪው አጠገብ፣ እኔ ባለሁበት አስጠሩት።

«ግደይ፣ የጠቆምኸኝ አንተ ነህ?»

ግደይ አልማለም፣ አላለቀሰም። «አይደለሁም፣ አያ። ዐረብኛ ስለምችል ሥራዎን ላስረዳላቸው ሄድሁ። ሳይሰሙኝ አስወጡኝ» አለ።

አያ መኳንንትም፣ «የዚህ ሽቦ አንዱ ጫፍ አንተ ዘንድ ነው፤ ሌላው ጫፍ እዚያ መክተብ ውስጥ ነው። እዚያ ገብቼ መለካት አልችልም። ሁለቱን ጫፍ ሳልለካ ተቆርጧል አልልም» አሉት። ወደ እኔ ዞረውም፣ «አንተም አትበል» አሉኝ። በማግሥቱ አብረው ወደ ሥራ ወጡ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ግደይ ሲሠራ ዐይናቸውን ከእጁ አላነሡም። ይህን ደብቄ ሁሉን አማኝ ነበሩ ብዬ ብጽፍ እርሳቸው ራሳቸው ይቆጡኛል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ትኩሳቱ ያዛቸው። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት አስጠሩኝና በሳጥኑ ላይ ሁለተኛ የጓጉንቸር ማሰሪያ ብየድበት አሉኝ። ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ ከግደይ ሊጠነቀቁ ነው ብዬ አጠንክሬ በየድሁት። ኋላ አልጋቸው አጠገብ፣ ወይዘሮ አለምነሽ ባሉበት፣ የአንዱን ጓጉንቸር ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ የሌላውን ለግደይ። አንዳችን ያለ ሌላው መክፈት አንችልም። የሁለታችንን ፊት አዩና ፈገግ አሉ።

«ሁለታችሁ ስለማትተማመኑ ዕቃዬ አይጠፋም» አሉን። «አለምነሽን አደራ።»

በቀብራቸው ቀን ግደይ ቃሬዛውን ሊይዝ ሲጠጋ ሰዎች ትከሻቸውን አጋጥመው ከለከሉት። ወይዘሮ አለምነሽ ለቅሷቸውን አቋረጡና፣ «ባሌ ያልፈረደበትን እናንተ አትፍረዱበት» አሉ። መንገድ ለቀቁለት። እርሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ይዘን ሄድን። አልተያየንም።

አያ መኳንንት፣ ከእርስዎ ወዲህ የሆነውን ነግሬዎት ልሰናበትዎ። ሰሞኑን ከመፋዛ ማዶ ትራክተር ቆሞ ተጠርተን ነበር። ግደይ የእርሱን ጓጉንቸር ከፈተ፣ እኔም የእኔን። ትራክተሩ ተነሣ፤ ባለቤቱም ለእርስዎ ነፍስ ይማር ብሎ ሸኘን። ስንመለስ ዝናብ ያዘን፤ ጋሪዎ ዋልካው ውስጥ ሰጠመ፤ በመንገዱም ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። አንዳችን መሪውን መያዝ፣ ሌላችን ከኋላ መግፋት ነበረብን። መሪውን እኔ ያዝሁ። እስከ ዛሬ ለዚያ ሰው ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ጭቃው እስኪለቀን ድረስ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት፤ ሁለት ጊዜም እየገፋ ነበር።

ጋሪዎ በሰላም ቤት ገብቷል፣ አያ። ይረፉ።