የአጎቴ ፊርማ

በደርግ ጊዜ ከአገር እወጣለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ ይጠረጠራል። እኔ ሐይቅ ተቀምጬ በአምባሰል ገጠሮች ምንጭ በማጎልበት ሥራ ላይ የተሰማራሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ናይሮቢ ካሉ ሁለት ድርጅቶች፣ አንዱ በገጠር ልማት ሌላው በእርቅ ሥራ ላይ ከተሰማሩ፣ የስድስት ወር የሥራ ልምምድ ተገኘልኝ። ወሬው እንደተሰማ የሐይቅ ሰው ሰላምታ ሁሉ ጥያቄ ሆነ። «መቼም አትመለስም፣ አይደል?» ይሉኛል እየሳቁ። ድሮም ቁጡ ነኝ፤ «ከሃዲ መሰልኳችሁ?» እያልኩ እጣላቸው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከናይሮቢ ወዲያ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም እንጂ፣ ወደ ሐይቅ ላልመለስ ቆርጬ ነበር።

ችግሩ ዋስ ነው። የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠኝ፣ ካልተመለስኩ በእኔ ቦታ የሚታሰር ሰው ሲፈርም ብቻ ነው። አባቴ ሞቷል። ጓደኞቼን ብለምን የአንዱ ሚስት መውለጃዋ ደረሰ፣ ሌላው ወገቡን አመመው። የቀረኝ የእናቴ ወንድም ነው፤ ሐይቅ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሁለት ጊዜ ሳይለካ አንድ ክንድ የማይቆርጥ ሰው።

ሱቁ ሄጄ ነገርኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ትመለሳለህ?»

«ወላሂ እመለሳለሁ፣ አጎቴ።»

«አትማል። ማል ሳይሉት የሚምል ሰው ያስፈራኛል» አለኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም? ሐሙስ ና።»

የገዛ እህቱን ልጅ እንደ ሌባ ማየቱ አንገበገበኝ። ውሸቴን መሆኑን እያወቅሁ መናደዴ ነው የሚገርመው። ሐሙስ ስሄድ ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝና አብረን ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሹሙ፣ «ይሄ ልጅ ከቀረ የምትገባው አንተ ነህ፣ ገብቶሃል?» ቢለው፣ «ማንበብ እችላለሁ» ብሎ ፈረመ። ስንመለስ ምርቃት እንኳ ነፈገኝ፤ ያን ቂም ይዤ ተሳፈርኩ።

ጥርጣሬው ናይሮቢም ተከተለኝ። የእርቁ ድርጅት ውስጥ ሌላ ኢትዮጵያዊ ነበር። የኤምባሲ ጆሮ ነው ብዬ ሸሸሁት፤ እሱም እኔን ያው መስዬው ኖሮ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኛችን፣ አንዲት ሸበቶ የአገሩ ሴት፣ ክብ አስቀምጠውን በየሰፈራችን ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ተናገሩ አሉን። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ነፍቼ ተነሣሁ። እኛ ዘንድ ደም ሲፈስ ሼሁም ቄሱም አብረው ይቀመጣሉ፤ በቃል ብቻ ግን እርቅ አይጸናም፣ ዋስ ይጠራል አልኩ።

«ዋሱ ማን ነው?» አሉኝ።

«ዘመድ። የሚያዝንለት ሰው።»

«ሰውየው ዋስ ጠርቶ ቢጠፋስ?»

«ዋሱ ይያዛል። በአገራችን ከገዳይም በላይ የሚናቀው ዋሱን አስይዞ የጠፋ ነው» አልኩና ቁጭ አልኩ። ሌሎቹ ይጽፋሉ። የእኔ ፊት እሳት ሆነ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ ብል አጋነንኩ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ልቤ ግን ይሟገታል። «ሽማግሌ ነው፣ ጥቂት አስረው ይለቁታል» እላለሁ። «ደግሞስ መቼ አመነኝ?» እላለሁ። ያን ቀን የተናገርኩት ግን ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ አንድ ወዳጄ ሌላ አገር የሚያሻግር ሰው አገኘሁልህ አለኝ። እምቢ አልኩት። እየተነጫነጭኩ ነው የተመለስኩት እንጂ በደስታ አይደለም።

ሐይቅ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አጎቴ ጨርቅ ይለካል። ሲያየኝ ሜትሩን አስቀመጠ። አላቀፈኝም። ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን፣ «ያን ጓዝ ፍቺው» አላት።

ከበሩ ኋላ በገመድ የተጠፈረ ጥቅል አወጣች። አቧራ ጠጥቷል። ስትፈታው ጋቢ፣ መስገጃና ውዱእ የሚያደርግበት ጣሳ ወጣ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የእስር ቤት ዕቃው ነዋ» አለችኝ። «ስድስት ወር ሙሉ አላስነካኝም።»

አፈርኩ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«እንደፈረምክ ነው ያሰርከው?» አልኩት።

«ከመፈረሜ በፊት» አለኝና ወደ ጨርቁ ተመለሰ።