የአባቴ ያላለቀ ሰደፍ

ከጓሮ የኩራዝ ጥላሸት ሽታ ከአዲስ የዋንዛ ፍቅፋቂ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ከሮቤ ገበያ ያመጣሁት ዘንቢል ከእጄ ወደቀ። ዞር ብዬ ባይ፣ ታናሽ ወንድሜ ታደለ ግንዲላ ላይ ተቀምጦ የአባታችንን ጠመንጃ ብረት ራሱ በጠረበው ሰደፍ ላይ እያሳረፈ ይለካል፤ ልጄ ሃና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ የአፈሙዙን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛለታለች። ጣቶቿ ጠቁረዋል። አፈሙዙ የሚያየው ደረቷን ነው።

እኔም ልጅ ሆኜ ጎባ ሳለን ልክ እንደዚያ ነበር የምቀመጠው። የአባቴ ጠመንጃ ከበቅሎ ወድቆ ሰደፉ ሲሰነጠቅ፣ በጠፍር አስሮ ሲይዘው ከርሞ በመጨረሻ ራሱ ሊሠራለት ተነሣ፤ በዕድሜው ከማረሻ እንጨት በቀር ምንም ጠርቦ የማያውቅ ሰው። ሪራ ያለ ማር ቆራጭ ወዳጁ የላከለት ዋንዛ እርጥብ ነው ቢሉት ገብስ ጭድ ውስጥ ቀበረው፤ ትዕግሥት ግን ስላልነበረው በየሳምንቱ እያወጣ ያሸተዋል፣ እናቴም "ድንች ነው እንዴ፣ ደረሰ አልደረሰ የምትለው?" እያለች ትስቅበታለች። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ልክ እንዲገባ የኩራዝ ጥላሸት ይቀባና ይጫናል፤ ሲነሣ እንጨቱ ላይ የጠቆረው ቦታ ብቻ በመሮ ይፋቃል፣ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይጫናል። ቀቢዋ እኔ ነበርኩ። አንዱን ጎን አብዝቶ ፍቆት በሰም ሲደፍነው እናቴ እንዳታይ በጀርባዬ እከልለው ነበር። እንደዚያ ሰሞን ለአባቴ ቀርቤ አላውቅም።

በእኛ ቤት ታዲያ ባዶ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ መስቀል ነውር ነበር። ሰደፉን መሥራት ከጀመረ ወዲህ ግን አባቴ ባዶውን ይሰቅለው ነበር። አንድ ጧት ከርከሮ ገብሱን ሊገለብጥ መጥቶ አባቴ ጥይት አጉርሶ ወጣ፤ ከርከሮው ሲያመልጠው እንዳጎረሰው መልሶ ሲሰቅለው አይቻለሁ። ከሰዓት አውርዶ ከአሮጌው ሰደፍ ሲፈታውም ጥይቱ ውስጡ እንዳለ ትዝ ብሎኛል። ግን ሴት ልጅ ስለ ጠመንጃ ምን አገባት? ደግሞ ከአጠገቡ እንዳያባርረኝ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ጥላሸት ላመጣ ብድግ ስል እኔ ይዤው የነበረውን የአፈሙዝ ጫፍ እሱ በግራ እጁ ያዘው፣ በቀኙ ብረቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገው፤ ባረቀ።

ሦስት ጣቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ገብስ ጨብጦ ማጨድ ስላልቻለ እኔ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ እጁ ሆንኩ። ይህንንም የምጽፈው በዚያችው በቀረችኝ ፊደል ነው። ያላለቀው ሰደፍ የበር መቀርቀሪያ ሆኖ ኖረ። አባቴ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንደሆነ አምኖ ሞተ፤ አውቅ እንደነበር ሳልነግረው።

"ሃና፣ ተነሺ! ከኋላዬ ቁሚ!"

"እማዬ፣ ሊያልቅ ነው'ኮ..."

"ተነሺ አልኩሽ!"

ታደለ ሳቀ። "እታለም ደግሞ! እስካሁን ብረት ትፈሪያለሽ? ባዶ ነው።"

"ክፈተውና አሳየኝ።"

"ብለሽ ብለሽ ፈታሽ ልትሆኚ ነው?"

"ክፈተው!" ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ። ጎረቤታችን አደ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ "ማል ታአቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉ።

ታደለ እያጉረመረመ አፈሙዙን ወደ መሬት አዞረና ከፈተው። አንዲት ጥይት ወጥታ ፍቅፋቂው ላይ ወደቀች። እሱም እንደ አባታችን አጉርሶ ይሰቅል ኖሯል። ቀና ብሎ አላየኝም። ያኔ ያየሁትን፣ አውቄ ዝም ማለቴን፣ እዚያው ቆሜ ነገርኩት፤ ለአባቴ መንገር ይገባኝ የነበረውን ለእሱ።

ጥይቷን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ሃናን ቧንቧው ሥር ወሰድኳት። ጣቶቿን አንድ በአንድ በሳሙና አሸሁ። ጥላሸት ቶሎ አይለቅም። ዐሥሩንም አጠብኩ። ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አራተኛ ክፍል ናት። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።