ሳማትብ የወደቅኩ ዕለት

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። መስቀል አደባባይ በሰዓት የሚከራዩትን ብስክሌቶች እየተከራየሁ፣ ሰው ሳይበዛ በጠዋት እየሄድኩ፣ እየወደቅኩ ተማርኩ። ያኔ ስወድቅ የሚያየኝ ስላልነበረ መውደቄ ለማንም ምልክት አልሆነም።

እኔ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ሴት ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ መውረጃዬን አልፌ፣ ሌላ ሰው ኦሎምፒያ ሲወርድ አብሬው የወረድኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያንም ያው ነበርኩ። በሴቶች በኩል ከኋላ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆሜ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ የሌሎቹን ጸሎት እከተላለሁ። የራሴ የምለው ጸሎት አልነበረኝም።

በኋላ አንድ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከቂርቆስ ተነስቼ፣ በደምበል አድርጌ፣ መስቀል አደባባይን አልፌ የካዛንቺስን ዳገት እይዛለሁ። ልጅ ሆኜ አክስቴ ቤት የምሄድበት ጠባብ መንገድ አሁን የለም። የአክስቴም ቤት የለም። በቦታው ሰፊ አስፋልት፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ለብስክሌት የተከለለ መንገድ አለ። በመጀመሪያው ቀን ዳገቱን የወጣሁት ወርጄ እየገፋሁ ነው። ሌላ ቅዳሜ ግን አልወርድም አልኩ። ጭኔ ተቃጠለ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ሳላስበው «እግዚኦ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር እግዚኦ። አናቱ ላይ ስደርስ እያለቀስኩ ነበር። ያዘንኩበት ነገር የለም። ስለ ራሴ፣ በራሴ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የለመንኩት ያን ዕለት ነው።

ይህን ለማን ይነግሩታል? ሰፈሩ የሚያየው ብስክሌቱን ነው። መንገድ ዳር የሚቆሙት ወንዶች ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር አያጡልኝም።

«እህቴ፣ ጎማሽ እየዞረ ነው!»

«ኧረ ከኋላ ጫኚኝ፣ ታክሲ ጠፍቷል!»

እነሱስ ይሁኑ፣ አልፌያቸው እሄዳለሁ። የሚከብደው ቤት ያለው ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ እናቴ አጠገብ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ማለቴ… ለሴት ልጅ ጥሩ አይደለም።»

«ለምን እትዬ?»

«በቃ! ጥሩ አይደለም።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ ሦስታችንም እናውቃለን። አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልተገኘም። እናቴ ወለሉን ታያለች፣ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

እንዲህ እያልን ስንኖር ነው የወደቅኩት። ቅዳሜ ነበር፤ የቂርቆስ ወርኃዊ በዓልም በዚያው ቀን ውሎ ነበር። ከካዛንቺስ ስመለስ ሕዝቡ ከቅዳሴ እየወጣ መንገዱን ነጠላ ሞልቶታል። ፍጥነቴን ቀንሼ የቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ስደርስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማደርገው ቀኝ እጄን አንስቼ አማተብኩ፤ አንገቴንም ዝቅ አደረግኩ። በእግሬ ስሄድ እንዲህ ነው የምሳለመው፤ ታክሲ ውስጥም እንዲህ ነው። ብስክሌት ላይ መሆኔን እጄ አላስታወሰም። መሪው ዞረ፤ እኔም እናቶች እግር ሥር ተዘረጋሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ የሱሪዬ ጉልበት ተቀደደ።

«በስመ አብ!» አሉ አንዲት ሴት። ሌላዋ ቀጠሉ፦ «ቂርቆስ ነው የጣላት። በበዓሉ ቀን በሱሪ!»

ብስክሌቴን እየገፋሁ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እናቴ ቁስሌን አጠበችልኝ። ሥራዋን ስትጨርስ ስልኳን አንስታ ለንስሐ አባታችን ደወለች።

የንስሐ አባታችን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጸሎት አደረሱ፣ መስቀል አሳለሙን፣ ተቀመጡ። እትዬም ሳይጠሩ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እነዚህ አባት በሕይወቴ ሙሉ «እሺ አባ» ብቻ ያልኳቸው ሰው ናቸው። አንድ ቃል ቢናገሩ ብስክሌቱ ከቤት እንደሚወጣ አውቃለሁ። እኔም ከዚያ በኋላ ከኋላ ወዳለው ግድግዳዬ፣ የሌሎችን ጸሎት ወደመከተል እንደምመለስ አውቃለሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ደጀ ሰላሙ ፊት ወደቀች አሉኝ። እናትሽ ፈርታለች። ለእሷ ሰላም ስትዪ ለምን አትተዪውም?»

«አልተውም፣ አባ።»

ድምፄ ቀጠነብኝ። ግን ወጣ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔን ነው እንቢ የምትዪው?»

«እርስዎን አይደለም። ቂርቆስ አልጣለኝም ማለቴ ነው። ሳማትብ እጄን ከመሪው አነሳሁ፣ መሪው ዞረ፣ ወደቅኩ። በቃ። የታክሲ ሹፌሮች በዚያ በር ባለፉ ቁጥር እጃቸውን ከመሪ አንስተው ያማትባሉ። አንዱ ቢጋጭ ቂርቆስ ጣለው ይባላል?»

«እነሱ ወንዶች ናቸው!» አሉ እትዬ ከበሩ።

«ስለዚህ ነገሩ የወንድና የሴት ነው እንጂ የቂርቆስ አይደለም፣ እትዬ።»

እንዲህ ዓይነት መልስ ከአፌ መውጣቱ ለራሴም ገርሞኛል። ዝም ብል ግን ዳግመኛ እንደማልናገር ገባኝና ቀጠልኩ።

«ቂርቆስ ሕፃን ነበር፣ አባ። እሳቱ ፊት ቆመው የፈራችው እናቱ ናት፣ አይዞሽ ያላት እሱ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እሱ ሰው ማስፈራራት ከመቼ ወዲህ ጀመረ?»

አባ ጺማቸውን ዳሰሱ።

«ግን ምን ታገኚበታለሽ?»

«እጸልይበታለሁ።»

«በብስክሌት ላይ! ስሚ ጉድ!» እናቴ አጨበጨበች።

«እኛ ጉልበታችን እስኪዝል ቆመን ያላገኘነውን» አሉ እትዬ፣ «እሷ ተቀምጣ አገኘችው!»

አባ ሳቃቸው መጣ፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን አልሳቅኩም። «ቁጭ ብዬ አይደለም፣ ዳገት ነው» አልኩ። ደግሞም ጨመርኩበት፦ «ቅዳሴ አላስታጎልኩም። እሁድ ቀሚሴን ለብሼ ከእማዬ ጋር እቆማለሁ። ቅዳሜን ግን አልሰጥም።»

አባ ሲነሱ መስቀላቸውን ያዙና እናቴን አዩ። «እኔ ይህን አልባርክም» አሉ፣ «አልገዝትምም። ልጅቱ ሰምታኛለች፤ እኔም ሰምቻታለሁ።» ከዚያ ወጡ።

እናቴ ይህን አልጠበቀችም። እኔም አልጠበቅኩም። እንዲከለክሉኝ ፈርቼ ነበር፤ እንዲፈቅዱልኝም በልቤ ተመኝቼ ነበር። ሁለቱንም ሳያደርጉ ሲሄዱ ነገሩ እኔ እጅ ላይ ቀረ።

«እንግዲህ እንደፈለግሽ» አለች እናቴ። «ብትወድቂ ግን እንዳትጠሪኝ።»

«እሺ እማዬ። አልጠራሽም።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጉልበቴ ገና አልዳነም ነበር። ቢሆንም ወጣሁ። በጓሮ መንገድ ዞሬ ሰው ሳያየኝ መውጣት እችል ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ያን አልፈለግኩም። ቀጥታ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሄድኩ። ጧፍ የሚሸጡት ሴቶች አውቀውኝ ተጠቃቀሱ።

«መጣች፣ መጣች! ያቺ የወደቀችው!»

በሩ ፊት ስደርስ ግራ እጄን መሪው ላይ አጠበቅኩ። ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ቀኝ እጄን ለቀቅኩ። ግንባሬ፣ ደረቴ፣ ግራ ትከሻዬ፣ ቀኝ ትከሻዬ። ጎማው ወዲያና ወዲህ አለ፤ አንዷ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች፤ ጎማው ተስተካከለ። እጄን ወደ መሪው መልሼ፣ ምን እንደሚሉ ለመስማት ሳልዘገይ፣ ወደ ደምበል ታጠፍኩ።