የእናቴ ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ

ያን ክረምት እናቴ ሱብሒ ሰግዳ ስትነሳ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ስንት ሆነ?» ደህና አደርሽ የለም፣ እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ የለም። እኔም ዓይኔን በደንብ ሳልገልጥ ስልኬን ከትራሴ ሥር አውጥቼ እነግራታለሁ። «ወርደሻል።» ወይ «ወጥተሻል።» አንዳንዴ ደግሞ «እዚያው ነሽ እማ፣ ተይኝ ልተኛ።»

ነገሩ የማኅበር ፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ማኅበራችን በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ገበያ ላይ ከቡናው ጎን ተጠግተው የሚኖሩትን የሚይዝ ነው፤ ጆንያ ሻጩን፣ ሚዛን አከራዩን፣ ሸራ ነጋዴውን፣ ደላላውን፣ ሻይ የምታፈላውን። ቡናው የሌላ ሰው ነው፤ እኛ ዙሪያውን ነን። እናቴ አሮጌ ጆንያ ገዝታ፣ የተቀደደውን ሰፍታ መልሳ ትሸጣለች። እኔ ሳልወለድ ጀምራ ይህንኑ ስትሠራ ኖራለች። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጤና አጥተው ሲለቁ ሴቶቹ ተሰብስበው ሱቃችን ድረስ መጡና «ካንቺ ሌላ ማን አለን?» አሏት። እምቢ አለች፣ ተቆጣች፣ እኔ ምን አውቃለሁ አለች። ማታ ቤት ስትገባ ግን አዲስ ሻርፕ ገዝታ ነበር።

ተቀናቃኟ የአጋሮ ሰው ነው። ሸራ ይነግዳል፣ ፒካፕ አለው። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አይደለም። የጅማው የገበያ ግቢ ጠቧል፣ ወደ አጋሮ መውጫ እናውጣው፣ እዚያ መኪና እንደልብ ይገባል ይላል። እናቴ ደግሞ ጆንያ ተሸክማ ከተማ ዳር ድረስ የምትመላለስ ሴት የባጃጁን ማን ሊከፍልላት ነው ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አድካሚውም ይኼ ነው፤ አንዱ ውሸታም ቢሆን ነገሩ ቶሎ ያልቅ ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ግቢው አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለችው ሱቃችን ውስጥ ጆንያ ሳራግፍ ነው የከረምኩት። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ቤቱን ሠርቷል። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች፤ «ነይ፣ ቦታ አለ፣ ክፍሉንም እንጋራለን» እያለች ትደውልልኛለች። ለእናቴ ስነግራት መርፌዋን እንኳ ሳታቆም መለሰችልኝ።

«ከተሸነፍኩ እኔው አለሁበት፣ ሂጂ። ካሸነፍኩ ግን ከቢሮ ቢሮ ስዞር ነው የምውለው። ሱቁን ማን ይይዛል? አንቺ ነሽ።»

«እስከ መቼ?»

«የሥራ ዘመኑ እስኪያልቅ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላህ ያውቃል።»

እንግዲህ የእናቴ ቁጥር ሲወጣ እኔ እወርዳለሁ፤ እሷ ስትወርድ ሻንጣዬ ይታየኛል። ይህንን እያወቅኩ ቅስቀሳውን ማን ያዘው? እኔው። ቤታችን ውስጥ ስልክ በደንብ የሚችል ሌላ ሰው የለማ።

ቁጥሩን ያመጣብን የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። አንድ ቀን በማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ላይ «ማን ፕሬዚዳንት ይሁን?» የሚል ድምፅ መስጫ ከፍቶ የሁለቱን ስም ደርድሮ ለቀቀው። ለጨዋታ ነበር አለ በኋላ። ታዲያ ይኼ ጨዋታ ማን ማንን እንደነካ ለሁሉም ያሳያል፤ የነኩትን አንስቶ ወደ ሌላው መሻገርም ይቻላል። ሕዝባችንን ለሚያውቅ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ሰው የሚነካው የሚፈልገውን አልነበረም፤ ጎረቤቱ የነካውን ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ እሱን እያየ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እናቴ ርቃ መራች። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያሉት ዘመዶቻችን በሙሉ ገቡላት። ሳቋ በዛ፤ ለሰው ስትናገርም «እንደ ሐሳብ» የምትል ቃል ጀመረች። ከዚያ ሰቃ ከተማ ላይ አንድ ሚዛን አከራይ ሞቱ። የአጋሮው ሰውዬ ሸራና ወንበር በፒካፑ ጭኖ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ድንኳኑን በገዛ እጁ ሲተክል ዝናብ መታው፣ ሁሉም አየው። እኛም ሄደናል፤ ግን ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ጠብቀን ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ቁጥሩ ተገልብጧል።

«ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ምርጫው የተካሄደው?» አለች እናቴ።

«ድንኳኑ ነው የተመረጠው።»

ትንሽ አሰበችና «ሸራ መነገድ ነበረብኝ» ብላ ሻይ ልትጥድ ተነሳች።

ከእኛ ወደ ሰውዬው ከተሻገሩት መሀል የእናቴ የአክስት ልጅ ነበረበት። ደላላ ነው፤ የሚውለው ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ወንበሩንም የሚያሳድረው እኛ ጋ ነው። እንዳላየ ሆኜ ማለፍ አልቻልኩም።

«ትናንት እኛ ጋ ነበርክ» አልኩት።

«ዛሬም እናንተ ጋ ነኝ።»

«ስምህ ግን አጋሮ ገብቷል።»

«ወላሂ ልቤ እናንተ ጋ ነው። ጣቴ ናት የሄደችው።»

«ጣትህን መልሳት እንግዲህ።»

«ኧረ ተይኝ እቴ። ሁሉም ወደዚያ እየሄደ እኔ ብቻዬን እዚህ ቆሜ ዘበኛ ልሁን? ነገ ሰውዬው ቢያሸንፍ ገበያ ላይ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ማል ጎና፣ ምን ይደረግ ትያለሽ?»

ኮስተር ብዬ ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ ሳቄ መጣ። በዚያ ሳምንት ሲሄድና ሲመለስ፣ ሲሄድና ሲመለስ፣ የአጋሮ ሚኒባስ ነበር የሚመስለው። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። አንዱ ሲነሳ ሦስት ይከተሉታል፤ ሦስቱን አይቶ ሰፈሩ ይነሳል።

እኔን ያደከመኝ ማሸነፏም መሸነፏም አልነበረም። መዋዠቁ ነው። ማታ ሐዋሳ ነኝ ብዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጆንያ ላይ ነኝ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፣ አወጣሁ፣ ሁለተኛ ስከተው ማጠፉ ሰልችቶኝ ጠቅልዬ ወረወርኩት። ጓደኛዬ «ትመጫለሽ አትመጪም? ቦታውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው» ስትለኝ «ሐሙስ እነግርሻለሁ» እላታለሁ። ሐሙስ ሲመጣ ቁጥሩ ሌላ ነው።

አንድ ቀን እናቴ ጆንያ ስታጥፍ ቆይታ ድንገት ቀና አለች። «እነዚያ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙት ሴቶች የት ተቆጠሩ?»

የትም አልተቆጠሩም። በየከተማው ያሉት ጆንያ ሰፊዎችና ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች አባል ናቸው፣ ይመርጣሉ፤ ግሩፕ ውስጥ ግን የሉም። «ሂጂና ጠይቂያቸው» አለችኝ። ሄድኩ። ሰቃ፣ ሊሙ፣ አጋሮ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ እግሬ ሥር የተቀመጠ የሌላ ሰው ዶሮ። በየደረስኩበት ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጥቼ፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ጠይቄ፣ በመጨረሻ ወደ ነገሬ እገባለሁ። «እናቴን ትመርጪልኛለሽ?» «ኢንሻአላህ።» የሁሉም መልስ ይኼው ነው። የአጋሮው ሰውዬ ሲጠይቃቸውም ኢንሻአላህ እንዳሉት አውቃለሁ። በአገራችን ደጅ ድረስ መጥቶ የለመነን ሰው ፊት ለፊት እምቢ የሚል የለም።

«ስንቶቹ ለኛ ናቸው?» አለችኝ እናቴ ስመለስ።

«ሁሉም።»

«ለሱስ?»

«ለሱም ሁሉም።»

አጋሮ ላይ ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት ጆንያ ሰፊ ብቻ ኢንሻአላህ አላሉኝም። ከጫማዬ ጭቃ ጀምረው እስከ ፀጉሬ አዩኝና በአፋን ኦሮሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እናትሽ ካሸነፈች ጆንያውን ማን ሊሰፋ ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ትወጅዋለሽ?»

«አልወደውም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ብለሽ ነው የምትለምኚኝ?»

«ስለላከችኝ ነው፣ እማማ።»

«ስለላከችኝ» ብለው ደገሙት፤ ጥርስ የሌለው ሳቅ ሳቁ። «ቶሌ፣ እሺ። እንግዲያው የምርጫው ቀን እኔ አንቺን ነው የማየው። እጅሽ ከወጣ እጄ ይወጣል። የገዛ ልጇ ካላወጣችላት እኔ ምን ቤት ነኝ?»

የሴትዮዋ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለእናቴም አልነገርኳትም።

ከዚያ ዙር በኋላ ግሩፑ ላይ ያለው ቁጥር ተመልሶ ወደ እናቴ ማዘንበል ጀመረ። ሴቶቹ ስልክ አልነኩም። የነኩት «ሴቶቹ በሙሉ ለሷ ናቸው አሉ» የሚለውን የሰሙት ናቸው። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ እኔ አላልኩም። ደላላው ዘመዳችን ከሁሉ ቀድሞ ተመለሰና «ጣቴም ገብታለች» አለኝ፣ ወንበሩን ሊያስቀምጥ ሲገባ። የምርጫው ዋዜማ ሁለቱ እኩል ሆኑ።

«እኩል ማለት ምን ማለት ነው?» አለች እናቴ።

«ምንም ማለት አይደለም።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ስታነቢልኝ ከርመሽ?»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ።»

ምርጫው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እንደ ወትሮው እጅ በማውጣት ነበር። በወረቀት ይሁን ያሉ ነበሩ፤ ሰብሳቢው ሽማግሌ «ምን የምንፋፈረው አለ?» ብለው ዘጉት። እጩዎቹ እንደ ወጉ በር ላይ ወጥተው እንዲቆሙ ተደረገ፤ ማን እንዳወጣላቸው፣ ማን እንደከዳቸው አይተው ቂም እንዳይዙ ነው። እናቴ አዲሱን ሻርፕ አስተካክላ ወጣች። ወደ እኔ አላየችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር።

ሰብሳቢው የእሷን ስም ቀድመው ጠሩ። «እሷን የምትደግፉ እጃችሁን።»

ማንም አላወጣም። ሁሉም ሁሉንም ያያል። ደላላው እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ወደ ኋላ ዞረ። የእኔም እጅ ጭኔ ላይ ነበር። እኔም እንደማንም አባል ነኝ፣ እጄ ይቆጠራል። ሐዋሳ የዚያን ያህል ቀርባኝ አታውቅም። አንድም ክፉ ነገር መሥራት አይጠበቅብኝም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ። ሽማግሌው ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ጉሮሯቸውን ያጸዳሉ፣ ሁለተኛውን ስም ይጠራሉ፣ አለቀ።

ዞር ስል የአጋሮዋ አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡት ሴቶች መሀል ሆነው ያዩኛል። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የሰቃዎቹም፣ የሊሙዎቹም። የነገሯቸው እሳቸው ይሆናሉ። በዓይን አልጠቀሱኝም፣ በአገጭ አልጠቆሙኝም። ይጠብቃሉ፣ በቃ።

እጄን አወጣሁ።

ለምን ብትሉኝ ያማረ መልስ የለኝም። ከበሩ በላይ ያለው የዝናብ መጠለያ ጠባብ ነው፤ እናቴ ውጭ እየረጠበች እንደሆነ ነው የታሰበኝ። ከዚያ የአሮጊቷ እጅ ወጣ፣ ከዚያ በግድግዳው ሥር ያሉት በሙሉ፣ ከዚያ የፊት ወንበሮቹ። ደላላው አዳራሹን አንዴ ገረመመና ሁለቱንም እጁን ሰቀለ። ሰብሳቢው «አንዱን አውርድ፣ አንድ ሰው ነህ» አሉት።

ቆጠራው አልቆ እናቴን ሲጠሯት ሻርፑ ራሷ ላይ ተጣብቆ ገባች። የአጋሮው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ጨበጣት፣ በፒካፑም እስከ ቤታችን አደረሰን። መንገድ ላይ ስለ ዝናቡ ብቻ ተወራ። ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ «ደከመኝ» አለች። «እኔንም» አልኳት። ሻንጣዬን ከፍቼ ልብሱን መልሼ ሰቀልኩት። ለጓደኛዬ ሐሙስን ሳልጠብቅ ደወልኩላት።

አሁን እሷ ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች፣ እኔ ጆንያ እሰፋለሁ። ቡናው ቀልቶ ገበያው ሞቅ ሲል እስከ ማታ ቀና አልልም። ያ የግሩፑ ድምፅ መስጫ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ጸሐፊው ረስቶታል። ከምርጫው ማግስት ጀምሮ ሰዎች እየገቡ፣ የነኩትን እያነሱ፣ ወደ እናቴ ይሻገሩ ጀመር። ከርሞ ከርሞ የአጋሮው ሰውዬ ጋ ራሱ ብቻ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ስከፍተው እሱም የለም፤ እናቴ ጋ ገብቷል።

ማታ ከስብሰባ ስትመለስ ነገርኳት። ሱቁ ውስጥ ጆንያው ክምር ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ «እስቲ አሳዪኝ» ብላ ስልኩን ተቀበለችኝ። ስሞቹን በጣቷ እየገፋች እስከ መጨረሻው ወረደች። ተመልሳም ወጣች።

«አንቺስ የታለሽ?»

«እኔ አልነካሁም።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ለምን?»

«እኔ እጄን አውጥቻለሁ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ መርፌውንና የጀመርኩትን ጆንያ ከጉልበቴ ላይ አነሳች፤ ወደ አምፖሉ ቀረብ አድርጋ አየችው። ስፌቴ እንደ ወትሮው ሰፋፊ ነበር። ሲባጎውን ፈትታ አወጣችው፣ ከጫፉ ጀምራም ራሷ መስፋት ያዘች።

«የሐዋሳዋ ልጅ አሁንም ትደውላለች?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።